ከዓይኔ የወጣች ትንኝ

ዓሣ አልወድም። ከዚህ ልጀምር፣ ኋላ «ለዓሣ ብላ ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄደችው?» እንዳትሉኝ። ሽታው፣ እሾሁ፣ ሳህን ላይ ሆኖ የሚያፈጥብኝ ዓይኑ፣ ምኑም አይመቸኝም። ለጫጉላ ሐዋሳ የሄድን ጊዜ እንኳ ናትናኤል ጥብሱን ሲያጣጥም እኔ ፓስታ ነው የበላሁት። እንዲህ ያለች ሰው አንድ የጥር ጠዋት ባሌ ተራራ ላይ፣ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ቆማ፣ ከገዛ ዓይኗ በነቀለችው ፀጉር ዓሣ ስታታልል ብታዩ ምን ትሏት ነበር? እኔም ራሴን ያንኑ ነው ያልኩት።

ሥራዬ ሽፋሽፍት መቀጠል ነው። ቤቴል ውስጥ ከአንድ ካፌ በላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ክብ መብራትና ሦስት ወረንጦ ይዤ እሠራለሁ። ሰዉ «አይላሽ» ነው የሚለው፣ ታፔላዬም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደንበኛዋ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። በግራ እጄ ወረንጦ አንዲቷን የራሷን ፀጉር ከጎረቤቶቿ ለይቼ እይዛለሁ፤ በቀኝ እጄ ወረንጦ ደግሞ አንዲት ጥቁር ቀጭን ፀጉር አንስቼ፣ ሥሯን ሙጫ አስነክቼ፣ እላይዋ ላይ አስተኛታለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ ነው፣ ትንፋሽ እንኳ በልክ ነው የሚወጣው። ሌላው ሰው አሰልቺ ይለዋል። እኔ ግን እዚያ መብራት ሥር ስቀመጥ ዓለም ሁሉ ጸጥ ይልልኛል፤ በሕይወቴ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

የናትናኤል አባት ጋሽ ሄራሞ ግን ይህን ሥራዬን አይወዱትም ነበር። አይወዱትም ማለት ሲያንስ ነው። ጋሽ ሄራሞ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ምስማር፣ ቱቦ፣ ቀለም ይሸጣሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡም የማይጮኹ፣ ለዚያም ነው ይበልጥ የሚያስፈሩት። ከሆሳዕና ወጣት ሆነው ወጥተው፣ ባሌ ውስጥ ለአንድ ሚስዮናዊ ሐኪም ሾፌር ሆነው ሠርተዋል። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ የዓሣ ዘንጉን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ፣ ሱቅ ከፍተው ልጅ ወልደው አዲስ አበቤ ከሆኑም በኋላ፣ በየዓመቱ በጥር ሁለት ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ባሌ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ። በቤተሰቡ ዘንድ ይኼ ሁለት ቀን እንደ በዓል ነው፤ ለልቅሶም ለሠርግም አይነካም።

ሽማግሌ ሲላክልኝ ጋሽ ሄራሞ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው አሉ። «ልጅቷ ሥራዋ ምንድን ነው?» ነገሯቸው። በሠርጋችን ቀን ቃል ኪዳን ከገባን በኋላ ተንበረከክን፣ ወላጆቻችንም እጃቸውን ጭነው እንዲባርኩን ተጠሩ። አባቴ ወጣ፣ እናቴ ወጣች፣ የናትናኤል እናት እትዬ አመለወርቅ ወጡ። ጋሽ ሄራሞ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ሰዉ በጸሎት የተመሰጡ መሰለው። እኔ ግን ተንበርክኬ እጆቹን ቆጠርኩ። ሦስት ሰው ነው የነካኝ። ኋላ ናትናኤልን አፋጥጬ ስጠይቀው የተናገሩትን ነገረኝ። «እግዚአብሔር የሰጠውን አሳንሳ ሌላ በምትቀጥል ሴት ላይ እጄን አልጭንም» ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቤቴል ያለው ቤታችን አልገቡም። ለበዓል እኛ ነን የምንሄደው። ሲጨብጡኝ ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ እያዩ ነው። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ናትናኤልም መሃል ላይ ሆኖ አለቀ። በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና «ራሔል፣ ሱቁን ብትዘጊውስ? ሌላ ሥራ እንፈልግልሽ» አለኝ። አለቀስኩ፣ ጮህኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ከዚያ እጄን እያደረቅሁ «እስከ ጥር መጨረሻ ስጠኝ» አልኩት። «እስከዚያ አባትህ ቤታችን ካልገቡ እዘጋዋለሁ።» ምን ላደርግ እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ። ምንም አላሰብኩም ነበር።

ጥር ደረሰ። ጋሽ ሄራሞ የዓይን ሞራ ጀምሯቸው ስለነበር ናትናኤል ነበር ሊነዳላቸው የታቀደው። በዋዜማው መሥሪያ ቤቱ በድንገት አዳማ ላከው። እኛ ደግሞ ዕቃ ልናቀብል 18 ማዞሪያ ቤታቸው ነበርን። ጋሽ ሄራሞ የተጠቀለለ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ቁጭ ብለዋል። እትዬ አመለወርቅ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ራሔል ትንዳ» አሉ። «መንጃ ፈቃድ አላት፣ መኪና አላት። አፍ ግን የላትም፣ አትረብሽህም።»

«እሷ?» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«እሷ።»

ጋሽ ሄራሞ ዘንጋቸውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። «አሥራ አንድ ሰዓት እንነሣለን» አሉ።

በዚያች ትንሽ ቪትዜ ውስጥ ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን እየነካ በጠዋት ተነሣን። ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ከዚያ ጸጥታ። ቡታጅራ ላይ «ቁርስ» አሉ፣ በላን። ሻሸመኔ ላይ «ግራ» አሉ፣ ታጠፍኩ። በልቤ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ስንቱን እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አዳባን እንዳለፍን ግን ጣታቸውን ወደ ሜዳው ቀስረው ጠየቁኝ።

«ያ ጥቁር ነገር ከብት ነው ድንጋይ?»

አየሁ። ቅርብ ነበር። ጅራቱን የሚያወናጭፍ ትልቅ በሬ ነው። «ከብት ነው አባባ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። በሬና ድንጋይ መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ዓይናቸው እንደደከመ ማንም አያውቅም ነበር፤ ለሐኪምም፣ ለእትዬም፣ ለናትናኤልም አልተናገሩም። «ይኼ ነገር ከመኪናው አይውጣ» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩ። ለሦስት ዓመት የናፈቅሁትን ወሬ አግኝቼ፣ ወሬው ምስጢር ሆኖ አረፈው።

ዲንሾ ደርሰን፣ ክፍላችንን ይዘን፣ የማጥመጃ ፈቃዱን አስቆርጠን ወንዙ ዳር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዌብ ወንዝ በጥር ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ወዲያ ማዶ ከርከሮዎች ሣር ይቆፍራሉ። ብርዱ የኮልፌን የክረምት ጠዋት ያስንቃል። ጋሽ ሄራሞ የፕላስቲክ ቦቲያቸውን ተጫምተው ዘንጋቸውን ገጣጠሙ። ክሩን በቀለበቶቹ ሲያሾልኩ ሁለቱን ሳቱ። አየሁ፣ ዓይኔን ወደ ውኃው መለስኩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሹክሹክታ መጸለይ ጀመሩ፣ «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ውኃ እናመሰግንሃለን...»

እኔ እንግዲህ ያደግሁት ጸሎት ማለት ጣሪያ የሚያነቃንቅ በሆነበት ቤት ነው። ኳየር ውስጥ ደግሞ ሶፕራኖ ነበርኩ። በዚያ ላይ ከንጋት ጀምሮ አፌን ዘግቼ መጥቻለሁ። እሳቸው «በኢየሱስ ስም» ሲሉ «አሜን! ሃሌ ሉያ!» ብዬ አስተጋባሁ። ማዶ ያሉት ከርከሮዎች ጅራታቸውን አቁመው ፈረጠጡ። ከእግራችን ሥር ካለው ጥልቅ ውኃ ደግሞ ጥላ የመሰሉ ነገሮች በአንድ ጊዜ ብትንትን ብለው ጠፉ።

ጋሽ ሄራሞ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ። «ዓሣዎቹ ገና አላመኑም» አሉ። «አትጩሂባቸው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ቢሆንም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ያየሁ መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን ከተቀመጥን በኋላ ዓሣዎቹ ተመለሱ። ውኃው ላይ ክብ፣ ሌላ ክብ፣ ሌላ ክብ፤ ካፊያ የሚወርድበት ይመስል ነበር። «ትራውት ነው» አሉ ጋሽ ሄራሞ ለራሳቸው፣ የዓሣው ስም ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ከፍ፣ ወደ ፊት ዝቅ አደረጉ፤ ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ሳይረብሽ ውኃው ላይ ተኛ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ እንዲህ የሚያምር ነገር መናገር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው፣ ዓሣ እንዲታለልባት ከላባ የተሠራች ዝንብ በዓሣዎቹ ላይ ተንሳፍፋ አለፈች። ማንም አልነካትም። ደገሙ። ሰለሱ። ሌላ ዝንብ ቀየሩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ድረስ በዙሪያቸው ዓሣ ይበላል፣ የእሳቸውን ግን አንድም አልቀመሰም።

«ይበላሉ» አሉ በመጨረሻ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው። «ምን እንደሚበሉ ግን አላይም። ድሮ አይ ነበር።»

እኔ ግን እያየሁ ነበር። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት ሚሊሜትር የሚወፍር ፀጉር ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስቱ በዓይኔ ለይቼ ነው እንጀራ የምበላው። ዓሣዎቹ ከሚለቅሟቸው ነፍሳት እጅጌዬ ላይ ያረፈችውን አንዷን በጣቴ አንስቼ አሳየኋቸው፣ ከዚያ እንደማያዩ ትዝ ሲለኝ በቃል ነገርኳቸው። «ትንኝ ናት አባባ። ጥቁር። ከሰሊጥ ታንሳለች። እግሮቿ ግን ከሰውነቷ ይረዝማሉ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ ናቸው።»

ከዝንብ ሳጥናቸው ጥግ የታጠፈ አሮጌ ወረቀት አውጥተው ዘረጉ። ውስጡ ሦስት መንጠቆዎች አሉ። መንጠቆ መሆናቸውን ያወቅሁት እሳቸው ስለነገሩኝ ነው። «ቁጥር ሃያ ሁለት» አሉ። «ሐኪሙ ሲሄድ የሰጠኝ። ሌሎቹ አልቀዋል። በዚህ ላይ ትንኝ የሚያስር ዓይን ከኔ ከሄደ ቆየ።» ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «ነገ ጠዋት ትንሽ ሞክሬ እንመለሳለን። ከእንግዲህም የምመጣ አይመስለኝም።»

እራት በላን። ክፍሌ ገብቼ ጋደም ስል የማስበው ስለ ዓሣ አልነበረም። ሱቄን ከነአልጋዋና ከነመብራቷ ለማን እንደምሸጣት ነበር።

ጠዋት ወንዙ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ነበር። ፀሐይ እንደሞቀች ትንኞቹ ተነሡ፣ ክቦቹም ጀመሩ። ጋሽ ሄራሞ የትናንቷን ትልቅ ዝንብ ሊያስሩ ሲታገሉ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ሦስቱን መንጠቆዎች ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልሠራበት። ሥራዬ እኮ ነው።»

ይህን «ሥራዬ» የሚለውን ቃል ፊታቸው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አዩኝ ወይም ወደ እኔ አዩ። ወረቀቱን ሰጡኝ።

ክር ነበራቸው፣ ጥቁር፣ ቀጭን። ለሰውነቷ በቃ። ለእግሯ የሚሆን ግን አጣሁ። የላባቸው ጭረት ሁሉ ለዚያች መንጠቆ ወፍራም ነው። ወረንጦዬ መቼም ከቦርሳዬ አይለይም፣ ሙጫም አለኝ፤ የሱቅ ፀጉር ግን ቤቴል ነው። መኪናዋ መስታወት ውስጥ ፊቴን ስመለከት ያን ጊዜ አየሁት። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ። ዓይኔ ላይ ተተክሎ ነበር።

ደንበኞቼን «በጭራሽ አትንቀሉ!» እያልኩ የምቆጣው እኔ ነኝ። ሥራውን የሚያውቅ ግን ከፀጉሩ ጋር አድጎ ሊረግፍ የደረሰውን ከጠንካራው ይለያል። በመስታወቱ እያየሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ለቀም ለቀም አደረግሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«ዕቃ እያወጣሁ ነው አባባ።»

መንጠቆዋን የሚይዝልኝ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሄራሞ ከኪሳቸው ትንሽ ፒንሳ አወጡ፣ ባለ ሱቅ አይደሉ? እጃቸውን አየሁ። ዓይናቸው እንጂ እጃቸው ምንም አልሆነም፤ መንጠቆዋን በፒንሳው ቆንጥጠው ሲይዙ ከድንጋይ የተሠራ ይመስል ቀጥ አለ። አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ያዙ፣ እኔ ጠመጠምኩ። ግንባራችን ሊነካካ ደርሶ ነበር። ትንፋሼን ሳበርድ ትንፋሻቸውን አበረዱ።

እዚያ ላይ ነው ሳይታሰብ ወሬ የጀመሩት። ምናልባት ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይሆናል። «ይኼ ዓሣ» አሉ፣ «የዚህ ወንዝ ዓሣ አይደለም። ድሮ እዚህ አልነበረም። ፈረንጆች ናቸው ከኬንያ ጫጩቱን በውኃ አድርገው አምጥተው የጨመሩት። ለመደ፣ ተዋለደ፣ ያው የኛ ሆነ።»

እናቴ «ምላስሽን ያዢ» ስትለኝ ኖራለች። ምን ያደርጋል። የሁለተኛዋን እግር እያስተካከልኩ «ውይ አባባ» አልኩ፣ «እግዚአብሔር የሰጠውን ወንዝ አሳንሰው ነዋ ዓሣ የቀጠሉበት!»

ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ክሩ እጄ ላይ ቀረ።  ከሦስት ዓመት በፊት ስለ እኔ የተናገሩት ቃል ጆሮዬ መድረሱን አሁን ዐወቁ። ፒንሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አለቀልኝ ብዬ ቀና ስል ጋሽ ሄራሞ እየሳቁ ነበር። ድምፅ የለውም ሳቃቸው፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ከተዘጋው ዓይናቸው ውኃ ይወርዳል።

«ያዢ» አሉ ቆይተው፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠርገው። «ክሩ እንዳይፈታብሽ።»

ሦስት ትንኝ ወጣልን። መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው በጣታቸው ጫፍ ዳሰሷቸው። «እግር አላት» አሉ። ከዚያ ዘንጉን ወደ እኔ ዘረጉ። «እኔ ወርውሬ የት እንዳለች አላያትም። አንቺ ትወረውሪያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል የትምህርት ሰዓት ነበር። ቦቲያቸው ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። የመጀመሪያውን ስወረውር ክሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። በሁለተኛው ባርኔጣቸውን አወለቅሁ። ከኋላዬ ቆመው ክርኔን ይዘው ያሳዩኝ ጀመር።

«ወደ ኋላ ካነሣሽ በኋላ ክሩ እስኪዘረጋ ጠብቂ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ 'ሃሌ ሉያ' የሚባልበት ያህል። በልብሽ!»

በልቤ አልኩ። ክሩ ተዘረጋ። ትንኟ ዓሣዎቹ መሃል ስትቀመጥ እኔ ብቻ ነበርኩ የማያት፣ የነጥብ ግማሽ ታክላለች። አንድ አፍ ከታች መጥቶ ዋጣት። በደስታ ዘንጉን ሳብኩት፣ ክሩ ተፍ ብሎ ተበጠሰ። ዓሣውም የዓይኔን ፀጉር ይዞ ሄደ። ሁለተኛዋን ከኋላዬ ያለ የአስታ ቁጥቋጦ ነጠቀኝና መንጠቆዋን ሰበርኳት።

አንድ ቀረች። ዘንጉን ልመልስላቸው ዘረጋሁ። «አባባ፣ እርስዎ ይሞክሩ። ይችንም አጠፋታለሁ።»

አልተቀበሉኝም። «ስትሠሪ ሴቶቹ ዓይን ላይ እንዴት ነው የምታስቀምጪው? ትነጥቂያለሽ?»

«አይ። አስነክቼ፣ ጠብቄ፣ ብድግ ነው የማደርገው።»

«እሱን አድርጊ» አሉ። «ሌላ የለውም።»

ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ነው። ወደ ወንዙ ዞርኩ። እጄን እንደ ሥራዬ፣ ትንፋሼን እንደ ሥራዬ አደረግሁት። ያ ሱቅ ውስጥ የማውቀው ጸጥታ መጣ። ወረወርኩ፣ በልቤ ሃሌ ሉያ አልኩ፣ ክሩ ተኛ። ትንኟ ሄደች፣ ሄደች። ትንሽ ክብ ሆነ። ብድግ አደረግሁ።

ዘንጉ ጎበጠ። የሕይወት ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ እጄ ላይ ተሰማኝ። «ልቀቂለት! ሲሮጥ ልቀቂለት፣ ሲደክም ሰብስቢ!» አሉ ጋሽ ሄራሞ፣ እሳቸው፣ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ እየጮኹ። «ጌታ ሆይ! ያዢው! ሃሌ ሉያ!» ማዶ ያሉት ከርከሮዎች እንደገና ፈረጠጡ።

ከክንድ የሚያጥር፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ዓሣ ነበር። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንኜ ተሰክታለች። ጋሽ ሄራሞ እጃቸውን አርጥበው ያዙት። «ያንቺ ነው። እንልቀቀው ወይስ እንውሰደው?» አሉኝ። ዓሣ የማልወደዋ ሴትዮ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ «እንውሰደው» አልኩ።

ዓሣውን በሣር ጠቅልለው አስቀመጡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዝቅ በይ» አሉኝ።

«ምን ሆንኩ አባባ?»

«የሠርግሽ ቀን ያልጫንኩት እጅ አለ። ሦስት ዓመት ከብዶኛል። ዝቅ በይ።»

ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁ። እጃቸው እርጥብ ነበር፣ በረዶ ነበር፣ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ውኃው ከፀጉሬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ምን ብለው እንደጸለዩ ለራሴ ይቅርልኝ። በሹክሹክታ ጸለዩ፣ እኔም እያለቀስኩ በሹክሹክታ አሜን አልኩ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወሩ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሆሳዕና፣ እትዬን እንዴት እንዳገኟቸው። «የዓይንዎን ነገር ለናትናኤል ልንገረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ንገሪው» አሉ። አየር ጤና ስንደርስ ድንገት ቀና አሉ።

«ከዚህ የትኛው ይቀርባል? ቤቴል ነው 18 ማዞሪያ?»

«ቤቴል ነው አባባ።»

«ዓሣው ይበላሻል» አሉ። «ወደ ቅርቡ እንግባ።»

ዓሣው ሻሸመኔ በገዛነው በረዶ ተቀብሮ ድንጋይ ሆኗል፤ ሁለት ቀንም ቢቆይ ምንም አይሆንም። አፌን ዘጋሁ። እትዬ ትክክል ነበሩ፣ አስፈላጊ ሲሆን አፍ የለኝም። ከአዳማ ተመልሶ የነበረው ናትናኤል በሩን ከፍቶ አባቱን ሲያይ እጀታውን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ሄራሞ ጫማቸውን አውልቀው «ጥሩ ቤት ነው» እያሉ ገቡ። ዓሣውን ጠበስኩት። ከጎናቸው ተቀምጬም በላሁት። አሁንም ዓሣ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጣቴን ልሼ ነው የተነሣሁት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ሰው የሚታረቀው በንግግር ይመስለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ንግግር ሳዘጋጅ ኖርኩ፤ አንዱንም አልተናገርኩትም። ያስታረቀን አንዲት ለብቻችን ልንሠራት የማንችል ትንሽ ነገር ናት። እሳቸው ባይይዙልኝ አልጠመጥማትም፣ እኔ ባልጠመጥም መንጠቆው ወረቀት ውስጥ ይቀር ነበር። ጋሽ ሄራሞ ሐሳባቸውን ቀየሩ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። «ሽፋሽፍቱን አሁንም አልወደውም» ብለውኛል፣ ፊት ለፊት፣ ወጥ እያጎረሱኝ። እኔም አልከፋኝም። ከግድግዳ ጋር ሲነጋገሩ ከመስማት ይኼ ይሻላል። ሱቄም አልተዘጋች፤ ናትናኤል ጉዳዩን ዳግም አላነሣውም። እኔ ደግሞ ያን የወንዝ ዳር ጸጥታ እያሰብኩ ስለምሠራ እጄ የተሻለ ይመስለኛል።

በሚያዝያ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተነሣላቸው። በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ሱቄ በደንበኛ ጢም ባለችበት ሰዓት፣ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ መነሣት አልቻልኩም። ምልክት ሰጡኝ፣ ቀጥይ እንደማለት፤ አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።  በመጨረሻ አንዷ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አይ» አሉ ጋሽ ሄራሞ። «ሽፋሽፍት ላሠራ ነው።»

ተራቸው ሲደርስ ከኪሳቸው አዲስ ወረቀት አውጥተው አልጋዬ ላይ ዘረጉ። መንጠቆ ነው፣ ከውጭ በሰው ያስመጡት፣ ደርዘን። «ቁጥር ሃያ ሁለት፣ ጥቁር» አሉ። «ለጥር ይድረስልኝ።»

«እሺ አባባ» አልኩ፣ ሳቄን እየዋጥኩ። «የእግሯ ርዝመት ምን ያህል ይሁን?»

ጎንበስ ብለው በአዲሱ ዓይናቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ግድግዳውን አይደለም። እኔን።

«እንዳንቺው ይሁን» አሉ።